ፈትቶ መሥራት

እንደምን ዋላችሁ። ይህን አምባር ከፊት ወንበር ጀምሬ ላዙረው። ነካክታችሁ፣ ገልብጣችሁ አይታችሁ ለጎረቤታችሁ አቀብሉ። አትፍሩ፣ አይበጠስም። ለምን እንዲህ አፌን ሞልቼ እንደምናገር ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አምባሩ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። ሁለት ጊዜ ጨርሼ፣ ሁለቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ዶቃ ፈታሁት። እጃችሁ ላይ ያለው ሦስተኛው ነው። "ስለ ዶቃ ጌጣጌጥና ስለ ፈጠራ ቻሌንጅ ንገሪን" ተብዬ ነው የመጣሁት። እኔ ደግሞ ስለ መፍታት ሳላነሳ ስለ ሁለቱም ባወራ የዋሸሁ ይመስለኛል። ቋጠሮ ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል። ቋንቋችን ሦስቱን በአንድ ግስ የያዘው ለዶቃ ሠሪ አስቦ ሳይሆን አይቀርም።

ቻሌንጅ ገብታችሁ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ጭብጥ ያወጣል። ጭብጡ ፎቶ ሊሆን ይችላል። አንዲት ቃል ብቻም ልትሆን ትችላለች። አንዳንዴ ለሁሉም ተሳታፊ እኩል የሚታደል አንድ እፍኝ ዶቃ ነው። ቀን ይቆረጣል፣ ደንብ ይጻፋል፣ ሁሉም በየቤቱ ሠርቶ ያቀርባል። ሽልማት ያለው አለ፣ የሌለውም አለ። ለእኔ ሽልማቱ ብዙም አይደለም። ቻሌንጅ የሚጠቅመኝ በራሴ ፈቃድ የማልነካውን ቀለም ስለሚያስነካኝ ነው። እንደ ልቤ ብተው ዕድሜዬን ሙሉ አረንጓዴ ሐብል ስሠራ እኖር ነበር።

የዚህ አምባር ጭብጥ ፎቶ ነበር። አሮጌ የብረት በር፣ ሰማያዊ ቀለሙ ተላጦ ዝገቱ የወጣ። ደንቡም አጭር ነው። ከፎቶው አራት ቀለም ይመረጣል፣ አራቱም መታየት አለባቸው፣ የሚሠራው ነገር የሚለበስ ይሁን፣ ጊዜው ስድስት ሳምንት።

እኔ ምን አደረግሁ? በሩን ሣልኩት። ማጠፊያው ሳይቀር አምባሩ ላይ ሰፋሁት። እንቆቅልሽ ሲጠየቅ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው መልስ አለ አይደል? የሁሉም ሰው መልስ እሱ ነው። ቀኑ ደርሶ የሌሎቹን ሥራ ባየው ኖሮ አሥር በር አገኝ ነበር። ፎቶው ውስጥ ምን እንዳለ እንጂ ምን እየሆነ እንደሆነ አልጠየቅሁም ነበር። እየሆነ ያለው ግልጽ ነው። አንድ ነገር ከሥር ሆኖ የላዩን እየገፋ ነው። በሩን ትቼ እሱን ብሠራው ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ይሳካልኝ ነበር።

ያን ጊዜ ግን ይህ አልታየኝም። የታየኝ የቀለሙ ነገር ነው። ሰማያዊውንና የዝገቱን ብርቱካናማ እኩል በእኩል አድርጌ ነበር። ሁለቱ በቀለም ክብ ላይ፣ ቀለሞች በዝምድናቸው ዙሪያውን በሚደረደሩበት ሥዕል ላይ ማለት ነው፣ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ናቸው። እኩል ሲሆኑ ዓይን ማረፊያ ያጣል። አምባሩን ክንዴ ላይ አድርጌ ስመለከተው ዓይኔን አሳመመኝ። በሩ በር አልመሰለም፣ ዝገቱም የፈሰሰ ብርቱካን ጭማቂ መሰለ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሳ። ሚሼል ዩጂን ሸቭረል ይባላል፣ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። በ1824 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ቅሬታ ይመጣለት ነበር። ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፣ ጥቁር አይመስልም የሚል። ማቅለሚያውን መረመረ። ማቅለሚያው ምንም አልጎደለውም። ችግሩ የነበረው ጥቁሩ አጠገብ የተሸመነው ቀለም ላይ ነው። ጎረቤቱ ጥቁሩን ያዳክመው ነበር። ያን ተከትሎ ዓመታት አጥንቶ በ1839 ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ሠዓሊዎች ለረጅም ጊዜ ተጠቅመውበታል።

እኔ ሸቭረል ዶቃ ሠሪ ቢሆን ኖሮ ይብስበት ነበር እላለሁ። ምክንያቱን ቆጥራችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ፔዮቲ በሚባለው ስፌት ዶቃዎቹ እንደ ግንብ ጡብ አንዱ ከሌላው በግማሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዷ ዶቃ ስድስት ጎረቤት አላት። አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ሁለት ከቀኝ፣ ሁለት ከግራ። በሽመና መልክ ቀጥ ብለው በሚደረደሩበት ስፌት ግን ጎን ለጎን የሚነኳት አራት ብቻ ናቸው። ያው ዶቃ፣ ያው ቀለም፣ ስፌቱ ሲቀየር መልኩ ይቀየራል። ለዚህ ነው ዶቃ በማሸጊያው ላይ እያለ መምረጥ የማይበቃው። እኔ ሁልጊዜ በሁለት ጣት ስፋት ልክ ሙከራ ሰፍቼ መስኮት አጠገብም፣ ማታ አምፖል ሥርም አየዋለሁ። ያቺ ትንሽ ቁራጭ ብዙ ሌሊት አትርፋልኛለች። በዚህኛው አምባር ላይ ግን ቸኩዬ ዘልያት ነበር። ያገኘሁትንም አይታችኋል።

ሁለተኛው ሙከራ። አሁን ሰማያዊውን አብዝቼ ዝገቱን ቀነስኩ፣ ከአሥር አንድ ገደማ። በሩንም ተውኩት። ንድፉ አማረ። ዶቃውም የሚያምር፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ ነው። ሰፍቼ ስጨርስ ግን ሰማያዊው የለም! ወተት የተጨመረበት ውሃ መስሏል። ለምን? ክሩ ነጭ ነበር። ብርሃን የሚያሳልፍ ዶቃ ውስጡ ያለፈውን ክር ሁሉ ይናገራል። ነጭ ክር ያደበዝዘዋል፣ ጥቁር ክር ያጠልቀዋል፣ ቀይ ክር ደግሞ ሌላ ቀለም ያደርገዋል። ይህን አውቀው ነበር። ለሌላ ሰው አስተምሬዋለሁም። የራስ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ሰው ያወቀውን ይረሳል።

ያኔ ነው ጥያቄው የመጣው። ማቅረቢያው ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እንዲሁ ላቅርበው ወይስ ልፍታው?

ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ። ሲሊንደር ዶቃ የሚባለው፣ ለምሳሌ ሚዩኪ የተባለው የጃፓን ድርጅት ዴሊካ ብሎ የሚሸጠው፣ በ11 ቁጥር መጠኑ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አምባር በአግድም 24 ዶቃ ይፈልጋል። 17 ሴንቲሜትር ርዝመት ለመድረስ በእያንዳንዱ መስመር 106 ዶቃ ያስፈልጋል። ሲባዛ ከ2,500 ያልፋል። በደቂቃ አምስት ዶቃ ብትሰፉ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ዓይን ሳይደክም፣ ክር ሳይተበተብ፣ ስልክ ሳይጠራ ነው። ማሰሪያውና የጠርዝ ሥራው አልተቆጠረም። እኔ ለቻሌንጅ ስመዘገብ ያወጣሁትን ሰዓት በሦስት አባዝቼ ነው የምይዘው። ደግሞም አንድ ጊዜ እንኳ ተርፎኝ አያውቅም።

በነገራችን ላይ የዶቃ ቁጥር ግር የሚላችሁ ካላችሁ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ዶቃው ያንሳል። 6 ቁጥር አራት ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 8 ሦስት፣ 11 ሁለት፣ 15 አንድ ተኩል። ሲሊንደሩ ከክቡ ትንሽ ይቀጥናል፣ ቀዳዳው ግን ይሰፋል። ከላይ እንዳየነው ደግሞ ውፍረቱና ርዝመቱ እኩል አይደለም። ስለዚህ በካሬ ወረቀት ላይ የሣላችሁት ክብ ስትሰፉት እንቁላል ይሆናል። ሥዕሉን ለፔዮቲ በተሠራ ሰንጠረዥ ላይ ሣሉት።

ወደ መፍታት ልመለስ። ፈታሁት። አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ፣ አለቀስኩም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ስፈታው አንድ ነገር አየሁ። መሐል ላይ ሰማያዊው በከፊል ወልቆ፣ ጠርዙ ተሸራርፎ፣ ከሥሩ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ብርቱካናማ ሆኖ ታየ። የጠረጴዛዬ ምንጣፍ ነው! ያ ተላጦ ያለ ሰማያዊ ከፎቶው በላይ ፎቶውን መሰለ። አሁን በእጃችሁ ያለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። እስቲ አምባሩ የደረሳችሁ ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ድርብ ነው። ከሥር ያለው ሙሉው ዝገት ነው። ሰማያዊው ከላይ በቁርጥራጭ የተደረበ ነው፣ ጠርዙም ሆን ተብሎ የተሸራረፈ። ክሩም ጥቁር ቡናማ ነው።

ለሥረኛው ድርብ ሲሊንደር ዶቃ አልተጠቀምኩም። ሲሊንደሩ እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል ነው፣ ዝገት ደግሞ ሰልፍ አያውቅም። የወሰድኩት ክብ የሆነውን የቼክ ሪፐብሊክ ዶቃ ነው። የቼኩ ዶቃ ከጃፓኑ ጋር ሲነጻጸር መጠኑ ትንሽ ይለያያል። አንዱ ወፈር፣ አንዱ ሳሳ ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። ለጂኦሜትሪ ንድፍ እውነትም ጉድለት ነው። ለዝገት ግን የተፈጠረ ነው።

ለምን እንደሚለያይ ማወቅ ከፈለጋችሁ አሠራሩን አስቡት። አብዛኛው ትንንሽ የብርጭቆ ዶቃ የሚወጣው ከተጎተተ ቱቦ ነው። የቀለጠ ብርጭቆ መሐሉ ላይ የአየር ክፍተት ይደረግበታል። ከዚያ ገና ትኩስ እያለ ይጎተታል። ምን ያህል ቢረዝም፣ ምን ያህል ቢቀጥን መሐሉ ያለው ቀዳዳ አይጠፋም። ቱቦው በጣም ቀጭን ሲሆን እንደ ሸንበቆ ይቆራረጣል። ከዚያ ክብ እንዲሆን እንደገና በሙቀት ውስጥ ይንከባለላል። ስለዚህ የዶቃዋ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ የተበሳ አይደለም። ብርጭቆው ገና ቀልጦ እያለ አብሯት የተወለደ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ የተሰበረች ዶቃ መጣል ከበደኝ።

አሁን ደግሞ ለምን አይበጠስም እንዳልኩ።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ቻሌንጅ ሐብል ሠርቼ ነበር። ጭብጡ ዝናብ ነበር። ረጃጅም ቱቦ ዶቃዎች ቁልቁል የተንጠለጠሉበት፣ ሲንቀሳቀስ የሚንሿሿ። ተወደደልኝ። ፎቶውም አሪፍ ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን አድርጌው ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ሶፋ ላይ ቁጭ ስል ተበጠሰ። ዝናብ ነው ያልኩት በረዶ ሆኖ ወለሉ ላይ ወረደ። እስከ ዛሬ ቤቱ ሲጠረግ አንዳንዷ እንደምትወጣ ይነግሩኛል።

የበደለኝ ቱቦው ነው። ቱቦ ዶቃ ሲቆረጥ አፉ ስለት ይኖረዋል። ተንጠልጥሎ በተወዛወዘ ቁጥር ክሩን ቀስ እያለ ይገዘግዛል። ክሩ ደግሞ ተራ ናይለን ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ከቱቦው በላይም በታችም አንዳንድ ትንንሽ ክብ ዶቃ ማስገባት። ክሩ ስለቱን ሳይሆን ክቡን ይደገፋል። ከዚያ ክሩን መቀየር። ዛሬ ብዙ ዶቃ ሠሪ ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራውን የተጠላለፈ ክር ይጠቀማል። ፋየርላይን የሚባለው በደንብ ይታወቃል። አይሳብም፣ መገዝገዝንም ከናይለን የተሻለ ይችላል። ናይለንም ክፉ አይደለም። ለጥልፍ፣ እንዲሁም ለስላሳ ሆኖ እንዲወርድ ለሚፈለግ ሥራ እሱ ይሻላል። ብቻ ከመስፋታችሁ በፊት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ሳቡት። ካልሳባችሁት ከጊዜ በኋላ ራሱ ይረዝምና ዶቃዎቹ መሐል ክፍተት ይታያል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ማሰሪያውን በዋናው ክር አትስፉት። ለብቻው በሌላ ክር ስፉት። ከሁሉም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ሲያልቅ እሱን ብቻ ፈትታችሁ ትቀይራላችሁ፣ አምባሩ አይነካም። ይህን ምክር ቀድሞ የሚሰጠኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አራት ሐብሎቼ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚበጠስ ሥራ የሚመጣው ለመፍታት ከመስነፍ ነው። ስትሰፉ ክሩ ላላ ያለበትን ቦታ እጃችሁ ያውቀዋል። ታውቁታላችሁ፣ ግን ታልፉታላችሁ። "ማን ያየዋል" ትላላችሁ። የሚያየው ሶፋው ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚፈታው? መጀመሪያ መርፌውን አውልቁ። መርፌውን ሳታወልቁ በመጣችሁበት መንገድ ልመልሰው ካላችሁ፣ ጫፉ የቀደመውን ክር ሰንጥቆ መሐሉ ይገባል። ከዚያ በኋላ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም፣ መቁረጥ ብቻ ነው። መርፌው ሲወልቅ ክሩን በመርፌ ዓይን በኩል እየሳባችሁ አንድ በአንድ ታወጣላችሁ። የመርፌውን ጫፍ ሳይሆን ዓይኑን ተጠቀሙ፣ ደነዝ ስለሆነ ክር አይሰነጥቅም። ዶቃዎቹን በየቀለማቸው የሚቀበል ሳህን አዘጋጁ። አለዚያ ፈትታችሁ ስትጨርሱ ሌላ እንቆቅልሽ ይጠብቃችኋል።

አንድ ዶቃ ብቻ በስህተት ተጨምራ ከሆነና መስመሩ ርቆ ከሄደ ግን ሙሉውን አትፍቱ። ስበሯት። ቀጭን መርፌ ወይም ወስፌ ቀዳዳዋ ውስጥ አስገቡ፣ በዚያው ገፋ አድርጉ፣ ወደ ውጭ ትፈነዳለች። በፒንሳ ብትጨፈልቋት ስባሪዋ ወደ ውስጥ ገብቶ ክሩን ሊቆርጠው ይችላል። መነጽር አድርጉ፣ በእጃችሁም ከልሉት። ብርጭቆ ነው፣ ቀልድ አይደለም። የጎደለች ዶቃ ግን በመስበር አትመጣም፣ እሷ ማስፈታቷ አይቀርም።

ስለ ቀለም አለቃቀቅ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ሁሉም ዶቃ ቀለሙ ከብርጭቆው የመጣ አይደለም። ከላይ የተነከረ አለ፣ ብረት የተለበጠም አለ። በተለይ ደማቅ ሮዝና ሐምራዊ ፀሐይ ላይ ሊለቅ ይችላል። ወርቅማ ልባጡም በላብ ይፋቃል። ለመፈተን፣ ከዶቃው ጥቂት ወስዳችሁ ግማሹን በወረቀት ሸፍናችሁ ግማሹን ገልጣችሁ ለጥቂት ሳምንት መስኮት ላይ ተዉት። ሌላ ጥቂት ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ ንከሩ። የሚለቀውን ለጉትቻ አድርጉት፣ ጉትቻ ቆዳ ላይ እንደ አምባር አይፋተግም። ለቻሌንጅ ስትሠሩ ፎቶ እስኪነሳ ከቆየ ይበቃል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ደንቡ "የሚለበስ" ካለ፣ መለበስ ማለት ከዓመት በኋላም መለበስ ነው።

ዓመት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሞሮኮ ውስጥ ቢዝሙን የሚባል ዋሻ አለ፣ ኤሳዊራ ከተማ አጠገብ። ከዚያ የወጡ 33 የቀንድ አውጣ ቅርፊት ዶቃዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነዋል። ዕድሜያቸው 142,000 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ክር የለም፣ በስብሷል። ታዲያ ተንጠልጥለው እንደነበር በምን ታወቀ? ቅርፊቶቹ ላይ መፋቅ አለ፣ ተንጠልጥሎ የኖረ ነገር የሚያመጣው ዓይነት። እኔ ይህን ሳነብ የዚያ ሐብል ቱቦዎች ናቸው የታወሱኝ። ዶቃ ክርን ይበላል፣ ክርም ዶቃን ይበላል። ያ ያልታወቀ ሠሪም ሲበጠስበት ጎንበስ ብሎ አፈር ላይ ሲለቅም ይታየኛል።

አምባሩ የኋላ ረድፍ ደርሷል? ጥሩ። ሦስተኛውን በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ሳልተኛ። በሰዓቱ አቀረብኩት። ሽልማት አላገኘም፣ ያሸነፈችው አንዲት የፀጉር ማስያዣ ናት። እውነት ለመናገር ይገባት ነበር። ሠሪዋ ከበሩ ላይ የመረጠችው ዝገቱን ሳይሆን የቁልፉን ቀዳዳ ነው። እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ ያን ፎቶ ሳይ ቀዳዳ እንዳለው አላየሁም።

ከመቀመጤ በፊት አንድ የምናዘዘው አለ። እጃችሁ ላይ ባለው አምባር ሥረኛው ድርብ ውስጥ አንዲት ዶቃ ቦታዋ ላይ አይደለችም። ያየኋት ካቀረብኩ በኋላ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ልፍታው ወይስ ልተወው ገና አልወሰንኩም። አሁን የሻይ ሰዓት ነው፣ ፈልጓትና ያገኘ ሰው መጥቶ ያሳየኝ።